ሽማግሌዎቹ ያልሰሙት ሸክላ

መልእክቱ የደረሰኝ መድኃኒት ቤት ቆሜ ነው። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ ስኳር ካለባቸው አንዲት እናት በቀር ማንም አልነበረም። ኢንሱሊናቸውን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ሳስረክባቸው ስልኬ መደርደሪያው ላይ ተንቀጠቀጠ። የአጎቴ ልጅ ምሕረት ናት፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ። ድምፅ ልካለች።

«አበሩዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ኳየሩ የመዝሙር መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። የድሮዎቹ መዝሙሮች በሙሉ ተሰብስበዋል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የማን እንደሆነ ገምቺ እስቲ። ያንቺ ነው። ‹ቃልና ዜማ፦ እህት አበራሽ› ብለው ጽፈውታል። አሁን የቀረው ምስክርነትሽ ነው። ጌታ መዝሙሩን እንዴት እንደሰጠሽ ግማሽ ገጽ ጻፊልን። ለምረቃው ደግሞ ካልመጣሽ ተቀይሜሻለሁ።»

ከድምፁ በታች የገጹ ፎቶ አለ። ስሜን በእንደዚያ ዓይነት የተዋበ ፊደል ተጽፎ አይቼው አላውቅም። ሴትዮዋ «ምነው ልጄ፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» አሉኝ። «አይ፣ የደስታ ነው» አልኳቸው። የደስታ ወሬ የሰማ ሰው ግን መድኃኒት ቤቱን ከሰዓቱ በፊት ዘግቶ በዚያ ፀሐይ ደረቁን የወንዝ አሸዋ ተሻግሮ፣ እንደገና ተመልሶ አይሻገርም። እኔ ተሻገርሁ። ቤት ገብቼም መቀመጥ አልሆነልኝም። እራቴን ቆሜ በላሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥሁ፣ ዘጋሁ፣ ቦታውን ቀይሬ አስቀመጥሁ። ጸሎት ስጀምር የሚመጣልኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ታደለች።

ታደለችን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከአንድ ሸክላ ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የደርግ መንግሥት ወድቆ፣ ታሽገው የነበሩ ጸሎት ቤቶች ተከፍተው፣ እኛ ወጣቶቹ እንደ ልባችን መዘመር ከጀመርን ጥቂት ዓመት ሆኖን ነበር። ቤታችን ሲቀላ ነው፣ ታችኛው ከተማ፤ ትምህርት የምንማረው ሴቻ፣ ላይኛው ከተማ። በመካከል ያለውን ዳገት ጠዋት በብርድ ወጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ማንጎ እየላጥን፣ ክሩን ከጥርሳችን መሀል እየጎተትን እንወርደው ነበር። ታደለች የክፍልና የኳየር ጓደኛዬ ናት። አባቷ ደጋው ላይ፣ ኦቾሎ፣ ሸማኔ ናቸው፤ እሷ ግን ለትምህርት ወርዳ ሲቀላ ከወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቋን አፏ ውስጥ ይዛ የምትዞር ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ወፍራም ስለሆነ በኳየሩ ከኋላ ትቆማለች። «እኔ መሠረቱ ነኝ፣ እናንተ ቆርቆሮው» ትለን ነበር።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ጋሽ ዘለቀ ከጎጃም ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ቤተሰብ የሌላቸው ሰው ነበሩ። ቤታቸው ሴቻ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነው። በረንዳቸው ላይ ስትቆሙ ዓባያ ቡኒ ሆኖ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሀላቸው ያለው የምድር ድልድይ በጉም ታጥቆ ይታያል። ከዓመታት በፊት አብሯቸው ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር ሲሄድ የሸክላ ማጫወቻውንና ሦስት ሸክላዎች ትቶላቸው ነበር። ሁለቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጠዋቸው የአርባ ምንጭ ፀሐይ እንደ ገበቴ አጎበጣቸው። አንዱ ብቻ ተረፈ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ማሻሻል የፈለገ ተማሪ እሳቸው ቤት ሄዶ ያንን አንድ ሸክላ እየሰማ የሰማውን ይጽፋል። ማስተማሪያቸው ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት ሆነን ሄድን። ሽፋኑን ሲያሳዩን ጥቁር ነው፤ ግማሽ ፊቱ ጨለማ ውስጥ የቀረ አሜሪካዊ፣ ከስሩ በትናንሽ ፊደል ስሙ። ስሙን ዛሬም አልረሳሁትም፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ጋሽ ዘለቀ ሸክላውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉት። መርፌውን ሲያሳርፉት መጀመሪያ የመጣው ዘፈን አይደለም፤ በቆሎ ሲታመስ እንደሚንጣጣው ያለ ድምፅ ነው። ያ መንጣጣት ለረጅም ጊዜ የቆየ መሰለኝ። ሰው ሊናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ እንደምንጠብቀው ጠበቅን። ከዚያ አንድ ጊታር፣ ከዚያ አንድ ድምፅ። ሌላ ምንም የለም። ከበሮ የለ፣ ተቀባይ የለ፣ እልልታ የለ።

ታደለች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄ ሰውዬ ምሳ አልበላም» አለችኝ።

ጋሽ ዘለቀ ሰምተዋታል። «ምሳማ በልቷል» አሉ። «ሌላ ነገር ነው የጎደለው። እሱን ጻፉ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ አራት ሆንን። ወንዶቹ «የታመመ ሰው ሲያቃስት ለመስማት ዳገት አንወጣም» ብለው ቀሩ። በአራተኛው ቅዳሜ እኔና ታደለች ብቻ ቀረን። እሷ የምትመጣው ለጋሽ ዘለቀ ለውዝና ለጨዋታው እንደሆነ ትናገር ነበር። እኔስ? ይህን ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ።

እኔ ያደግሁት በመዝሙር ነው። አባቴ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበሩ፤ እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ ትዘምራለች። መዝሙራችን ሁሉ ከየትም ጨለማ ቢጀምር መጨረሻው ላይ ይነጋል። ያ ሰውዬ ግን ሳያነጋ ያቆማል። መርፌው ተነስቶ ቤቱ ዝም ሲል፣ ዘፈኑ ያላለቀ፣ ወደ እኔ የተላለፈ ይመስለኝ ነበር። ከዳገቱ ስወርድ ይከተለኛል። ልብስ ሳጥብ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ጸሎት ላይ ተንበርክኬ እንኳ ይመጣል። ሰኞ ላይ ቅዳሜ ሩቅ ይሆንብኛል። እንቅልፌ ሳይቀር ተዛባ። በሽታ እንደያዘኝ ቆጥሬው እንዲተወኝ ጾሜአለሁ፤ ጾሜን የፈታሁት ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ፣ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ተመልሼ ወጣሁ።

ከሁሉም በሁለተኛው ገጹ ላይ ያለው ሦስተኛው ነው የያዘኝ። ወንድሙን የገደለ ሰው በየቀኑ ወንዝ ወርዶ እጁን ይታጠባል፤ ወንዙ ያየውን ለሰው እንዲናገርበት ይለምነዋል። ወንዙ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይፈሳል። ይኸው ነው ዘፈኑ። ቃላቱን ለመያዝ ስድስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል፤ ምክንያቱም አንድ ቦታ ሸክላው ተጭሮ ስለነበር ሰውዬው ያንኑ ግማሽ ቃል ይደጋግማል፣ ጋሽ ዘለቀ መርፌውን በጣታቸው ገፋ እስኪያደርጉት ድረስ። መጫሩን እንኳ ወደድሁት።

አንድ ቀን ጨነቀኝና ጠየቅኋቸው።

«ጋሽዬ፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር? የእግዚአብሔርን ስም ይጠራል እኮ።»

ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ነገሩን ሁሉ በሁለት ዕቃ ብቻ ነው የምትለዪው?»

«ሦስተኛ ዕቃ አለ እንዴ?»

«አየሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጪው እሱን ፍለጋ ይመስለኛል» አሉና ለውዙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ቤት ግን «እንግሊዝኛ ልማር ነው የምሄደው» ነበር የምለው። ሐሰት አልነበረም። ሸክላ የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁም። በእኛ ጸሎት ቤት ዘፈን መስማት እንደ መጠጥ ቤት መግባት ይቆጠር ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሊጀምር ሲል የኳየሩ መሪ ወንድም መርክነህ አዲስ መዝሙር ይዘን እንድንመጣ አዘዘን። የሰው ዜማ መዋስ ሰልችቶት ነበር። «ጌታ ለሌላው ሰጥቶ ለኛ የሚነፍገን ለምንድን ነው? ጹሙ፣ ጠይቁ» አለ። ጾምሁ፣ ጠየቅሁ። በሦስተኛው ቀን ኩልፎ ወንዝ ዳር ልብስ እያሰጣሁ ቃል መጣልኝ፤ ስለ ጥልቅ ውኃ፣ ስለሚያሻግር እጅ። ቃሉ የራሴ ነው፤ ዛሬም አላፍርበትም። ዜማውም አብሮት መጣ። ከየት እንደመጣ እስከ ሁለተኛው ስንኝ ድረስ አላወቅሁም። በሁለተኛው ስንኝ ላይ አወቅሁ። አላወቅሁም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አውቄ ነው የቀጠልሁት። ያ የማይነጋ ዘፈን በእኔ ቃል ሲነጋ ሰማሁት፤ እሱን ማቆም አልቻልሁም።

ዓርብ በልምምድ ላይ ዘመርሁት። ስጨርስ ወንድም መርክነህ መነጽሩን አውልቆ ቆመ። «ይሄ ከላይ ነው» አለ። አንዲት እናት ከመጥረጊያቸው ጋር በሩ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር። ታደለችን አየኋት። ከኋላ ረድፍ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጣሪያው ትመለከታለች።

ወደ ቤት ስንሄድ ከሰው እስክንለይ ጠበቀችኝ።

«አበሩ።»

«አቤት።»

«ሰውዬው ጌታን ተቀበለ ማለት ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የሸክላው ነዋ። ዛሬ እኮ ከሴቻ ወርዶ ኳየር ገባ።» ሳቋ መንገዱን ሞላው። እኔ አልሳቅሁም።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት።

«ምን ክፋት አለው? ዜማው ቆንጆ ነው፣ ቃሉ ያንቺ ነው። እንዲያውም ራስሽ ንገሪያቸው።»

«ዘፈን ነው ይሉኛል።»

«ታዲያ አለቀሱበት አይደል እንዴ? እምባውን መልሱ ይሏቸዋል?»

ተናግራ አታውቅም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ታደለች ሆን ብላ አላጋለጠችኝም። መዝሙሩ በሁለት ወር ውስጥ ምዕራብ ዓባያ ደረሰ፣ ደጋ ወጣ፣ በየለቅሶው ተዘመረ። አንድ ዓርብ ወንድም መርክነህ መካከለኛውን ክፍል ለአዳዲሶቹ ሲያስተምር ተሳሳተ። ታደለች ልታርመው ብላ «እዚህ ጋ እኮ ጊታሩ ይወርዳል፣ ድምፁ ነው ላይ የሚቀረው» አለች።

«የቱ ጊታር?» አለ ወንድም መርክነህ።

ኳየራችን ያለው አንድ ከበሮና አንድ አኮርዲዮን ነው። ታደለች እኔን አየች። ዝም ብዬ ስቆይባት ጊዜ ፊቷ ተለወጠና «ከጋሽ ዘለቀ ሸክላ ላይ ያለው» አለች፤ ለስለስ አድርጋ፣ እንደ ቀላል ነገር። ያን ጊዜም ቀላል መስሏት ነበር።

«አበራሽ፣ እውነት ነው?»

«እኔ የምሄደው እንግሊዝኛ ልማር ነው» አልሁ። «ዜማውን በጸሎት ነው የተቀበልሁት።»

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ። ነገሩ ግን ሽማግሌዎች ዘንድ ቀረበ። አምስት ናቸው፤ አንዱ አባቴ። ሁለታችንንም አስቀመጡን። ታደለች ያቺ ሳቂታ ልጅ ጉልበቷን ገጥማ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሚገባ መለሰች።

«ሴቻ ሩቅ አይደለም» አለቻቸው። «ሁለተኛው ገጽ ላይ ሦስተኛው ነው። ወጥታችሁ ስሙት። አንድ ጊዜ ብትሰሙት ያልቃል።»

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት «ዘፈን ለመስማት ሽማግሌ ዳገት አይወጣም» አሉ።

ሌላው «እንግዲያው አንድ ወጣት እንላክ» አሉ።

«ወጣት ልከን እናርክሰው?»

«ሸክላው ወደዚህ ይምጣ እንዴ?»

«ወዴት? ወደ ጸሎት ቤት?»

ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል። እውነቱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰሚው መስማት ኃጢአት ስለሆነበት ማንም አልወጣም። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ሁለቱ በደርግ ጊዜ ለእምነታቸው ታስረዋል። ግን ንጽሕናቸው የእኔን ውሸት ሸፈነልኝ፤ እኔም ከሥሩ ገብቼ ተጠለልሁ።

ውሳኔው ታደለች እኔን በጉባኤ ፊት ይቅርታ ጠይቃ ስድስት ወር ከኳየር እንድትታገድ ነበር። «ያላጠፋሁትን ይቅርታ አልልም» አለች። ስለዚህ መታገዷ ማብቂያ አጣ። እሑድ የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። እኛ ያንን መዝሙር ስንዘምር ቀና ብላ ታየኛለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ልጅ ወድቆ ይነሳ እንደሆነ እንደምናየው ያለ አስተያየት ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሽ ዘለቀ ሮጥሁ። «ጋሽዬ፣ ከጠየቁዎት ምን ይሏቸዋል?» አልኳቸው ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

ሁሉንም ሰምተዋል። «እኔ የእናንተ ቤት ነገር ውስጥ አልገባም» አሉ። «ምንም አልላቸውም። የመጣ ካለ ግን አጫውትለታለሁ።» ወደ ማጫወቻው አገጫቸውን ቀሰሩ። ሸክላው በሁለተኛው ገጹ ተጭኗል። «ይኸው ሳምንት ሙሉ እየጠበቅሁ ነው። አንቺም ልትሰሚው ከፈለግሽ ተቀመጪ።»

አልተቀመጥሁም። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት አልገባሁም።

የታደለች አባት ከኦቾሎ የወረዱት ከዚያ በኋላ ነው። ቤታችን በር ላይ ሲቆሙ በሁለት እጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። የጋሞ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለማያውቅ ግን፣ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከቆመ፣ ጦር አንስተህም ከሆነ ታወርዳለህ፣ ነገሩንም ትሰማለህ። አልፎት የሚሄድ የለም። የተደበቀ ጥፋት ደግሞ ጎሜ ይባላል። በአደባባይ ተነግሮ እስኪወጣ ድረስ ያጠፋውን ብቻ ሳይሆን ቤቱን፣ ከብቱን፣ ዝናቡንም ይይዛል ይላሉ። አባቴ በምስባክ ላይ «ጎሜ የድሮ ነው፣ እኛ በጸጋ ነን» እያሉ ያስተምሩ ነበር። ሣሩን ሲያዩ ግን ከወንበራቸው ተነሱ።

እናቴ ቆጮና ጎመን አቀረበች። እንግዳው «ነገሩ ሳይወጣ እህል አልቀምስም፣ እህቴ» አሏት። በጋሞኛ ነበር የሚናገሩት፤ ሸማኔ ስለሆኑ መሰለኝ ቃሉን አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ ነው የሚያወጡት። «ልጄ ውሸታም ከሆነች እኔ ልወቀው፤ ይዣት ልሂድ፤ ትምህርትም ምን ያደርግላታል? ካልሆነች ደግሞ እናንተ እወቁት። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

አባቴ ጠሩኝ።

«አበራሽ፣ በዚህ ሣር ፊት ነው የምጠይቅሽ። ታደለች የተናገረችው ነገር አለ ወይስ የለም?»

ቤቱ ሞቃት ነበር። ዝንቦቹ ቆጮው ላይ ያርፉ ነበር፤ ማንም አያባርራቸውም። እስከዚያ ሰዓት ሐሰት የምለውን ነገር ተጠንቅቄ አልፌ ነበር፤ «እንግሊዝኛ ልማር»፣ «በጸሎት ነው የተቀበልሁት» እያልሁ። አሁን መሸሻ አልነበረም፤ አለ ወይም የለም። ስድስት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የጻፍሁት ያ ዘፈን ስለ ምን እንደነበር ያን ሰዓት ትዝ አለኝ፤ የገደለው ሰው ወንዙን ተናገርብኝ እያለ ነበር የሚለምነው። እኔ ዜማውን ወስጄ ልመናውን ተውሁት።

«የለም፣ አባባ» አልሁ።

የታደለች አባት ፊቴን አላዩም። እግሬን አዩ። ሣሩን ግድግዳው ሥር ቀስ አድርገው አኖሩና «እሺ። ሰምቻለሁ» ብለው ወጡ። ቆጮው እንደተቀመጠ ቀረ። ያን ቀን አባቴም አልበሉም።

አባቴ ነገሩን ዳግመኛ አንስተውብኝ አያውቁም። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጉባኤው ያንን መዝሙር በጀመረ ቁጥር፣ የቀረው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲዘምር፣ አባቴ ቆመው ከንፈራቸውን ገጥመው ይቆዩ ነበር። እስከሞቱበት ቀን ድረስ አልዘመሩትም። አውቀው ነበር ማለት ነው፤ ሳይሰሙትም አውቀውታል። ለቀብራቸው እኛ ዘመርነው።

ታደለች ያን ዓመት ትምህርቷን አቋርጣ አባቷን ተከትላ ሄደች። በኋላ ምዕራብ ዓባያ እንዳገባች፣ ጸሎት ቤት እንደማትሄድ፣ ሙዝ እንደምትሸጥ ሰማሁ። እኔ ፈተናዬን አለፍሁ፤ እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነበር። ፋርማሲ ተማርሁ፣ እዚህም እዚያም ተመደብሁ፣ ድሬዳዋ ከገባሁ እንኳ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ሰዎች ለምን ይህን ያህል ርቄ እንደምኖር ይጠይቁኛል። «ሥራ ነው» እላለሁ። እነሆ፣ ይኸኛውም ያው ዓይነት መልስ ነው።

አንድ ጊዜ ለእናቴ ሕመም ወደ አገሬ ስሄድ አውቶብሱ ምዕራብ ዓባያ ቆመ። ሻጮቹ እንደ ልማዳቸው ሙዙን በዘንግ እያነሱ መስኮቱን ከበቡት። ከመካከላቸው ረጅሟን አወቅኋት። ከአጠገቧ ካለችው ሻጭ ጋር እየተሳሳቀች ነበር። ሦስት መስኮት ያህል ነው የምትርቀው። ወንበሬ ላይ ሸርተት ብዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ። አውቶብሱ እስኪነሳ አልተንቀሳቀስሁም። ያኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ የልጆች አስተማሪም ነበርሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት።

ሸክላውንም እንደገና ሰምቼዋለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስሙን ስነግራት ከስልኳ አውጥታ አሰማችኝ። ጠርቷል፤ መንጣጣቱ የለም፣ መጫሩም የለም፤ ሰውዬው ሳይደናቀፍ ያልፋል። «ደስ ይላል፣ ግን ይከብዳል» አለች። አጥፊው አልኳት። ዛሬም ያው ነው፣ እግሬን አላሳርፍ አለኝ። የጋሽ ዘለቀን ሦስተኛ ዕቃ አሁንም አላገኘሁትም። ነፍሴ በዚያ ዘፈን ለምን እንደተያዘች ግን በመጠኑ የገባኝ ይመስለኛል። እኛ የዳነውን ሰው ነበር የምንዘምረው፤ እሱ ያልዳነውን፣ ገና ወንዙ ዳር ያለውን። እኔ ያለሁት እዚያ እንደሆነ በአሥራ ሰባት ዓመቴ የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ገና ምንም ሳላጠፋ።

ትናንት ለምሕረት ደወልሁላት። ሁሉንም ነገርኋት። ከስልኩ ማዶ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«አበሩዬ፣ ተይው» አለችኝ። «ስንት ሰው የተጽናናበት መዝሙር ነው። ሰው ይሰናከላል።»

«መዝሙሩን አታውጡት፤ ስሜን አውጡ። ዜማው ከየት እንደመጣ ጻፉ።»

«ደግሞ ስንት ዘመን ያለፈ ነገር ነው። ታደለች ራሷ ረስታዋለች።»

«ረስታው ከሆነ በምን ምክንያት ነው ድፍን ዕድሜዋን ያልዘመረችው?»

«ምስክርነቱ ግማሽ ገጽ ነው የተባለው» ብቻ አለች፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። እንግዲህ ምስክርነቴ ይኸው ነው፤ ከግማሽ ገጽ በልጧል። ያስገቡት አያስገቡት አላውቅም፤ ለዚያ ነው እዚህም የጻፍሁት።

ታደለችን ይቅርታ መጠየቅ የእኔ ነው፤ ለማንም አልሰጥም። ከምረቃው በፊት ባለው ቀን ምዕራብ ዓባያ እወርዳለሁ። ብትሰማኝም ባትሰማኝም እነግራታለሁ። አባቷ በሕይወት ካሉ ኦቾሎም እወጣለሁ። ነገር ግን እኔ ብቻዬን የማልመልሰው አንድ ነገር አለ። የታደለች ስም የጠፋው በሁላችን ፊት ነው፤ ከእኛ አንዱ በጓዳ ሄዶ ቢያለቅስ አይመለስም።

ስለዚህ ያን ዓርብ በልምምድ ላይ ለነበራችሁ፣ ውሳኔው ሲነበብ በጉባኤው ለተቀመጣችሁ፣ ከሽማግሌዎቹም በሕይወት ላላችሁት፣ ወንድም መርክነህ ላንተም፣ አንድ ልመና አለኝ። በምረቃው ቀን፣ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት፣ ከእናንተ አንድ ሰው ይነሳና «ታደለች የተናገረችው እውነት ነበር» ይበል። ከዚያ በላይ ንግግር አያስፈልግም። እኔ ልበለው እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እላለሁም። ከእኔ አፍ ከወጣ ግን የእኔ ንስሐ ይሆናል፣ ሰውም እኔን ያጽናናል። ከእናንተ አፍ ከወጣ ነው የእሷ የሚሆነው።